ትራፊ፣ ለብቻ የተቀቀለ ወይስ የከረጢት ምግብ? ደሴና ኮምቦልቻ ላለ ውሻ የሚበጀውን ለመምረጥ

ምሳ ተበልቶ ትሪው ሲነሣ፣ ወጥ የነካው እንጀራ፣ የተጋጠ አጥንትና የቀረ ሰላጣ አንድ ላይ ተጠራርጎ ውሻው ፊት ይደፋል። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ አብዛኛው የግቢ ውሻ የሚያድገው በዚህ ነው። ሁለተኛው አማራጭ ለውሻው ለብቻ መቀቀል ሲሆን ሦስተኛው በከረጢት የሚሸጠውን ደረቅ የውሻ ምግብ መግዛት ነው። ለአዋቂ ውሻ የምንመክረው መካከለኛውን ነው፤ ሽንኩርት ድስት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ለውሻው ተቀንሶ ለብቻ የሚበስል ምግብ። ለቡችላ ግን ምክራችን ይለያል፤ ወደ ኋላ እንደርስበታለን።

ከሁሉ በፊት የውሻው ክብደት ይታወቅ። ውሻውን አቅፎ ሚዛን ላይ መውጣት፣ ከዚያ ያለ ውሻው መመዘንና ልዩነቱን መያዝ ነው። የምግቡም የመድኃኒቱም ልክ የሚሰላው በዚህ ቁጥር ስለሆነ በግምት መሄድ አያዋጣም። ውሻው መክሳት መወፈሩን ለማወቅ ደግሞ እጅ ይበቃል። አይበሉባችሁን በሌላው እጃችሁ ጣቶች ዳብሱት፤ የውሻው ጎን ሲዳሰስ የጎድን አጥንቱ እንደዚያ ከተሰማ ልኩ ነው። እንደ ተጨበጠ እጅ አንጓ ጎርበጥ ካለ ከስቷል። እንደ መዳፍ ለስልሶ አጥንቱ ከጠፋ ወፍሯል። ጸጉራም ውሻ ዓይን ያታልላልና በዓይን ብቻ አትፍረዱ።

ትራፊ፦ ወጪ የለውም፣ ሽንኩርት ግን አለው

የትራፊ ዋናው ችግር ማነሱ ሳይሆን ወጡ ነው። የእኛ ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራሉ። መብሰሉ፣ መቁላላቱ፣ ደርቆ መፈጨቱ መርዙን አያጠፋውም። የውሻውን ክብደት ግማሽ ከመቶ የሚያህል ሽንኩርት ጉዳት ለማድረስ ይበቃል። ለ15 ኪሎ ውሻ ይህ 75 ግራም ነው፤ ከአንድ መካከለኛ ሽንኩርት ያነሰ ማለት ነው። በአንድ ቀን ይህን ያህል ባይበላም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲገባው ይጠራቀማል። ምልክቱ ወዲያው አይታይም። ከአንድ እስከ አምስት ቀን ቆይቶ ውሻው ይደክማል፣ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል ወይም ይቀላል። ባለቤቱ የበላውን ስለረሳው ከምግቡ ጋር አያገናኘውም።

የሽሮ ዱቄትም ውስጡ ነጭ ሽንኩርት ተፈጭቶበታልና ከዚሁ አይወጣም። የበዓል ጮማና ቅቤ የበዛበት ትራፊ ሌላ መዘዝ አለው፤ ቆሽት ያቃጥላል። ከበዓል ማግስት ደጋግሞ የሚያስመልስ፣ ሆዱን ሸብቦ ጀርባውን የሚያጎብጥ ውሻ ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው። ዘቢብ፣ ቸኮሌት፣ የቡና አተላና የጠላ አተላም አይሰጡም። የሻገተ እንጀራ፣ ዳቦ ወይም በቆሎ «ለውሻ ይሆናል» ተብሎ ሲጣል ብዙ ጊዜ ይታያል። አይሆንም። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፤ መርዙ ጉበትን ይመታል፣ ውሻም ይገድላል። ሻጋታውን ቆርሶ ጥሎ የቀረውን መስጠትም አያድንም።

ወጥ ያልነካው እንጀራ፣ ደረቅ ዳቦ፣ ነጭ ሩዝና ቂንጬ ግን ጉዳት የላቸውም። ጉድለታቸው ጉልበት እንጂ ገንቢ ምግብ አለመሆናቸው ነው። በእንጀራ ብቻ የሚኖር ውሻ ሆዱ ይሞላል እንጂ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ጸጉሩ ይከረድዳል፣ ቁስሉ ቶሎ አይድንም። ስለዚህ ትራፊ የሚሰጥ ቤት ቢያንስ እንጀራው ወጥ ሳይነካው ይቀንስለት፤ ለምሳሌ ከመሶቡ ሲወጣ ጠርዙ።

ለብቻ መቀቀል፦ ልኩና አሠራሩ

15 ኪሎ የሚመዝን፣ ግቢ ውስጥ የሚንቀሳቀስ አዋቂ ውሻ በቀን 850 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይበቃዋል። ይህን የሚሞላው የአንድ ቀን ድስት እንዲህ ነው፦ 120 ግራም ደረቅ ቂንጬ ወይም ሩዝ (ሁለት የቡና ሲኒ ገደማ)፣ 250 ግራም ጥሬው ሲመዘን ልብ፣ ሳንባ፣ ጨጓራ ወይም ቀይ ሥጋ፣ አንድ የተቀቀለ እንቁላል፣ ግማሽ ካሮት ወይም ትንሽ ጎመን፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያልሞላ ዘይት፣ ቆንጥር አዮዲን ያለው ጨው። በርበሬ፣ ሽንኩርትና ቅመም አይገባም። ለሳምንት ሲታሰብ 1 ኪሎ ከ750 ግራም ሆድ ዕቃ፣ 840 ግራም ቂንጬና 7 እንቁላል ማለት ነው። ይህን በአካባቢያችሁ ሥጋ ቤትና እህል መደብር ዋጋ አስሉና ከከረጢቱ ጋር ታነጻጽሩታላችሁ። 20 ኪሎ ለሚመዝን ሁሉንም በሩብ ጨምሩ፤ ለ10 ኪሎ ከአራት እጅ አንዱን ቀንሱ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ካልሲየምን ነው። ሥጋና እህል ፎስፈረስ ሞልቷቸዋል፤ ካልሲየም ግን የላቸውም ማለት ይቻላል። ሰውነቱ የጎደለውን ከራሱ አጥንት ይበደራል። መድኃኒቱ ደጃችን ነው፤ የእንቁላል ቅርፊት። ቅርፊቱን ማጠብ፣ አሥር ደቂቃ ማፍላት፣ ማድረቅ፣ ከዚያ እንደ ዱቄት እስኪልም መውቀጥ ወይም መፍጨት። ሲዳሰስ ከቆረቆረ ገና ነውና መልሱት። ከላይ ለጻፍነው ድስት በቀን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል።

ጉበት ጥሩ ነው፤ ሲበዛ ግን ቫይታሚን ኤ ይከማቻል። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ከ50 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል። አጥንቱን ቀቅላችሁ መረቁን ስጡ፤ አጥንቱን ራሱን ግን ጣሉት። የበሰለ አጥንት፣ በተለይ የዶሮ፣ እንደ እንጨት ስንጥር ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል።

ጾም ሲመጣ ይህ ዕቅድ ይናጋል። ጾሙ የባለቤቱ እንጂ የውሻው አይደለም፤ ሆኖም ረቡዕና ዓርብ፣ ይልቁንም በሁዳዴው 55 ቀን፣ ብዙ ቤት ሥጋ አይገባም፣ ሥጋ ቤቱም ይዘጋል። በዚህ በኩል ወሎ ዕድለኛ ነው፤ የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ሲዘጋ የሙስሊሙ ክፍት ነው፣ ሆድ ዕቃም አይጠፋም። ቤቱ ሥጋ ባይፈልግ ደግሞ ሆድ ዕቃውን በ3 እንቁላልና በ70 ግራም ምስር ክክ ተክታችሁ ቂንጬውን ወደ 80 ግራም ዝቅ አድርጉት። ምስሩ ሙልጭ ብሎ ይብሰል፤ ካልሆነ ሆዱን ይነፋዋል። የውሻው ድስትና ሳህን ለብቻው መሆኑ ለጾመኛውም፣ የውሻ ለሃጭ የነካውን ዕቃ ለሚለይ ሙስሊም ቤተሰብም ነገሩን ያቀላል።

ይህ መንገድ ድክመት የለውም አንልም። ዚንክ፣ ቫይታሚን ዲ እና ቫይታሚን ኢ ከቤት ድስት በቂ ሆነው መገኘታቸው አስተማማኝ አይደለም። አቅም ካለ የቀኑን ምግብ ሩብ ያህል በከረጢት ምግብ መተካት ክፍተቱን ያጠባል።

የከረጢት ምግብ፦ ለማን?

ደረቅ የውሻ ምግብ 100 ግራሙ 350 ኪሎ ካሎሪ ገደማ አለው። ያ 15 ኪሎ ውሻ በቀን 240 ግራም ይበላል፤ 10 ኪሎ ከረጢት 40 ቀን ያህል ያቆየዋል። ዋጋውን ለ40 አካፍሉትና ከቀን ድስታችሁ ዋጋ ጋር አወዳድሩ። ሲገዙ የሚታዩት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ «ሙሉና የተመጣጠነ» መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ፤ ከሌለው ማጣፈጫ እንጂ ዋና ምግብ አይደለም። ሁለተኛ፣ ገንቢው (ፕሮቲኑ) ለአዋቂ ቢያንስ 18፣ ለቡችላ ቢያንስ 22 ከመቶ መሆኑ። ሦስተኛ፣ የማለቂያ ቀኑ፤ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ መደብር ውስጥ ከርሞ ሊሆን ይችላል። ተከፍቶ በኪሎ የሚሸጠውን አንመክርም። አንዴ የተከፈተ ከረጢት ስቡ ስለሚበላሽ በአንድ ወር ተኩል ውስጥ ማለቅ አለበት፤ በኮምቦልቻ ሙቀት ከዚያም ይቀድማል። ሲያሸቱት እንደ አሮጌ ዘይት ከከረፈፈ አይሰጥ።

ከቤት ምግብ ወደ ከረጢት፣ ወይም ከከረጢት ወደ ቤት ስትቀይሩ አንድ ሳምንት ውሰዱ። ሁለት ቀን ሩቡን፣ ሁለት ቀን ግማሹን፣ ሁለት ቀን ሦስት አራተኛውን። በአንድ ቀን ከተቀየረ ተቅማጥ ይከተላል፤ ባለቤቱም ምግቡ መጥፎ ነው ብሎ ይደመድማል።

የከረጢቱ ምግብ ያለ ጥርጥር የሚሻለው ለቡችላ ነው። በማደግ ላይ ያለ አጥንት የካልሲየም ስህተትን አይታገሥም። ሥጋ ብቻ እየተሰጠው የሚያድግ ቡችላ ከጥቂት ሳምንት በኋላ እግሩ ይጎብጣል፣ ሲዘል አጥንቱ ይሰበራል። እስከ አንድ ዓመት የቡችላ ምግብ መግዛት የሚችል ይግዛ፤ በዚህ ጊዜ ግን ላዩ ላይ ቅርፊትም ሆነ ሌላ ካልሲየም አይጨመርም፣ መብዛቱም ይጎዳል። የማይችል ደግሞ በኪሎ ክብደቱ ሲሰላ ከአዋቂው ድስት እጥፍ አድርጎ፣ ለምሳሌ 5 ኪሎ ለደረሰ የ3 ወር ቡችላ በቀን አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ የቅርፊት ዱቄት ይጨምርበት። እስከ 3 ወር በቀን አራቴ፣ እስከ 6 ወር ሦስቴ፣ ከዚያ ሁለቴ ይበላል።

ሆድ ዕቃ፦ ጥሬውን ወይስ ቀቅሎ?

እዚህ ላይ ሁለት ሐሳብ የለንም፤ ጥሬ ሆድ ዕቃ ለውሻ አይሰጥም። ለፋሲካ፣ ለገና ወይም ለአረፋ ቤት ውስጥ በግ ሲታረድ ሳንባውንና ጉበቱን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። አንዳንዱ ላይ ነጣ ያለ፣ ሲጫኑት እንደ ፊኛ የሚወጠር ከረጢት ታገኛላችሁ፤ ከባቄላ ፍሬ እስከ እንቁላል የሚያክል፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጥ። ሲቀደድ ጥርት ያለ ውሃ ፊን ብሎ ይወጣል፤ ውስጡን የሸፈነው ስስ ነጭ ቆዳ ነው፣ ውሃው ሥር እንደ ደቃቅ አሸዋ የሚዘቅጥ ነገርም አለ። ያ «አሸዋ» ኢካይኖኮከስ የሚባለው፣ የኮሶ ዘመድ የሆነ ትል እጭ ነው። ውሻው ሲበላው ከስድስት ሰባት ሳምንት በኋላ አንጀቱ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚረዝሙ ትሎች ይሆናሉ። ውሻው አይታመምም፣ አይከሳም፤ አደጋው የሰው ነው። እንቁላሎቹ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥተው ጸጉሩ ላይ፣ አፈሩ ላይ፣ ጓሮው ጎመን ላይ ይቀመጣሉ። ውሻውን አሻሽቶ እጁን ሳይታጠብ የበላ ልጅ ይውጣቸዋል። ከዓመታት በኋላ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ያው ከረጢት ያድጋል፤ ብዙ ጊዜም መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው።

ቄራ የታረደውን ተቆጣጣሪ ያየዋል፤ ግቢ ውስጥ የታረደውን የሚያየው ባለቤቱ ብቻ ነው። ከረጢት የተገኘበትን ክፍል ቦይ ወይም ቆሻሻ መጣያ ላይ መጣል ለሰፈሩ ውሻ ሁሉ እንደማጉረስ ነው። ይቃጠል፣ ወይም ከክንድ ጠለቅ ባለ ጉድጓድ ተቀብሮ ድንጋይ ይጫንበት። ከረጢት ያልታየበትም ቢሆን ትንንሾቹ ውስጥ ተሸሽገው ሊኖሩ ስለሚችሉ ይቀቀላል። ሁለት ጣት በሚያህል ውፍረት ቆራርጡት፤ ውሃው ከፈላ በኋላ 30 ደቂቃ የሚለው የተለመደ ልክ ነው። ደሴ ግን ከባሕር ወለል ወደ 2,500 ሜትር ስለምትጠጋ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ 94 አካባቢ። ስለዚህ ደሴ 45 ደቂቃ ያህል ስጡት። ሳንባ አየር ስላለው ይንሳፈፋል፤ ላዩ ጥሬ እንዳይቀር አነስ ባለ ክዳን ተጫኑት ወይም ደጋግማችሁ አገላብጡት።

የትል መድኃኒት፦ የውሻ ወይስ የከብት?

ይህን ትል የሚገድለው ፕራዚኳንቴል ነው፤ ልኩ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም። ለውሻ የተሠራው የተለመደ ጥምር ክኒን 50 ሚሊ ግራም ፕራዚኳንቴል ስላለው አንዱ ለ10 ኪሎ ነው፤ 15 ኪሎ ውሻ አንድ ተኩል ይውጣል። ክኒኑ ሌሎቹን የአንጀት ትሎችም ይይዛል። ጥሬ ሆድ ዕቃ የሚያገኝ ወይም ከግቢ እየወጣ የሚዞር ውሻ በየ6 ሳምንቱ፣ ከግቢ የማይወጣና የተቀቀለ ብቻ የሚበላ በየ3 ወሩ ይሰጠው። መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን ስለማይገድል ከተሰጠ በኋላ ለ3 ቀን ዓይነ ምድሩን እየሰበሰባችሁ ቅበሩ። ቡችላ ከእናቱ ማኅፀንና ወተት ትል ይወርሳል፤ ከ2 ሳምንቱ ጀምሮ በየ2 ሳምንቱ እስከ 8 ሳምንት፣ ከዚያ እስከ 6 ወር በየወሩ ለዕድሜው የሚሆነው ይሰጠዋል።

ቤት ያለውን የከብት መድኃኒት ቆርሶ መስጠት ርካሽ ይመስላል። አልቤንዳዞል በአንድ ጊዜ ልክ ኢካይኖኮከስን አያጠፋም፤ ሲደጋገም ደግሞ የውሻን መቅኔ ይጎዳል። ባለ 1 ከመቶ የአይቨርሜክቲን መርፌ ለከብት 1 ሚሊ ሊትሩ ለ50 ኪሎ የተመጠነ ነው። ያንኑ 1 ሚሊ ሊትር 5 ኪሎ ቡችላ ሲወጋ የገባበት አሥር እጥፍ ነው፤ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ ይፈዛል፣ ይሞታልም። ለመዥገር ዳያዚኖን የሚባለውን ፀረ ተባይ በግምት በጥብጦ መቀባትም እንዲሁ። ውሻው ይልሰዋል፤ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ለውሻ የተሠራ ፊፕሮኒል ወይም ሐኪም የመጠነው ይሻላል። ጥቂት መዥገር ከሆነ በወረንጦ ቆዳው ሥር ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው፤ ጋዝ መቀባትና በእሳት መተኮስ ቆዳውን ከማቁሰል ሌላ ጥቅም የለውም።

ክትባት፦ ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ከበቃ

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይቅደም። በ3 ወሩ ይጀመራል፣ በዓመቱ ይደገማል፣ ከዚያም በየዓመቱ። ምልክቱ አንዴ ከታየ በሽታው ሰውም ውሻም ይገድላልና ለዚህ ምትክ የለም። ሁለተኛው ጥምር ክትባት ዲስቴምፐርና ፓርቮ የሚባሉትን ገዳይ የውሻ በሽታዎች ይከላከላል፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ተጀምሮ እስከ 16 ሳምንት በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ይደጋገማል። ቡችላ የሚያሳድግ ቤት ይህንን ባይዘልል መልካም ነው፤ ፓርቮ የገባበት ግቢ ውስጥ ቡችላ ደም እያስቀመጠው በቀናት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ካልቆየ ኃይሉን ያጣል። መብራት በሚጠፋበት ሰሞን ከማቀዝቀዣ ወይም ከበረዶ ሳጥን መውጣቱን ዓይታችሁ አስወጉ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። የተከተበበትን ቀን የያዘ ወረቀትም ተቀበሉ።

ውሻው ሰው ከነከሰ፣ የተከተበም ቢሆን፣ ቁስሉ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብና የተነከሰው ሰው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ውሻውን አትግደሉት፤ አስራችሁ 10 ቀን ተከታተሉት። በመሐሉ ከታመመ ወይም ከሞተ ለሐኪሙም ለተነከሰውም ወዲያው ንገሩ።

ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ፦ ማደሪያውና ውሃው

ሁለቱ ከተሞች 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢራራቁም ለውሻ ሁለት አገር ናቸው። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል፤ በክረምት ደግሞ እርጥበቱ አይለቅም። ማደሪያው ከጣውላ ይሁን፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፣ በሩ ነፋስ በማይመጣበት በኩል ይሁን። ጠባብ መሆኑ ይጠቅመዋል፤ ውሻው በገዛ ሙቀቱ የሚያሞቀው ያኔ ነው። ምንጣፉ ጨርቅ ሳይሆን ጭድ ወይም ገለባ ቢሆን ይመረጣል፤ ጨርቅ እርጥበት ይዞ ያድራል፣ ቁንጫም ያረባል። ኮምቦልቻ ላይ ችግሩ ተገላቢጦሽ ነው። በቆርቆሮ የተሠራ ቤት እኩለ ቀን ላይ ምድጃ ይሆናልና ዛፍ ጥላ ወይም ሣር ክዳን ይሻላል፤ መዥገርም ስለሚበረታ ጆሮው ውስጥ፣ በጣቶቹ መሐልና ጭራው ሥር በሳምንት ሁለት ጊዜ ይታይ። የተሰጠው ምግብ ሁለት ሰዓት ከቆየ አንሡት።

15 ኪሎ ውሻ በቀን ወደ አንድ ሊትር ውሃ ይፈልጋል፤ በሙቀት ከዚያም በላይ። ቧንቧ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር የውሻውም ድርሻ በጀሪካን ይቆጠር። የሚታሰር ከሆነ ሰንሰለቱ ከ3 ሜትር አይጠር፣ ውሃውና ጥላው የሚደርስበት ይሁን፤ በቀን አንድ ጊዜም ግቢው ተዘግቶ ይፈታ።